ቤትዎን ከሌባ ለመጠበቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ያሉት መልሶች አዲስ አበባንና መሰል ከተሞችን ታሳቢ ያደረጉ ናቸው፤ የብሎኬት አጥር፣ የላሜራ በርና የቆርቆሮ ጣራ ያለው ግቢ፣ ወይም ኮንዶሚኒየም። ልኬቶቹን እንዳሉ ለብረት ሠሪው ወይም ለአናጢው ማሳየት ይቻላል።

ያለኝ ገንዘብ ትንሽ ነው። ከየት ልጀምር?

ከቤቱ ዋና በር። ብዙ ሰው መጀመሪያ ካሜራ ይገዛል፤ ካሜራ ግን ሌባውን ይቀርጸዋል እንጂ አያቆመውም። ሌባ የሚሸሸው ጊዜ የሚወስድበትንና ድምፅ የሚያወጣበትን ሥራ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የዋናው በር ቁልፍና መቃን፣ ቀጥሎ የመስኮት ብረት፣ ከዚያ የግቢ በር፣ ከዚያ መብራት ይሥሩ። ከተረፈ ካሜራ። አጥር ማስረዘም የግድ ካልሆነ ይቆይ፤ ሌባው አንዴ ዘሎ ከገባ ያ ረጅም አጥር ከጎረቤትና ከመንገደኛ ዓይን የሚሸፍነው እሱን ነው።

የበሬ ቁልፍ ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በሩን ዘግተው ከውጭ በኩል ሲሊንደሩን፣ ማለትም ቁልፉ የሚገባበትን አካል፣ በጣትዎ ይዳስሱ። ከሽፋኑ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ወጥቶ ካገኙት ቁልፉ ምንም ያህል ውድ ቢሆን በፒንሳ ተይዞ ሊሰበር ይችላል። ሲሊንደር መሐሉ ላይ፣ ማሰሪያ ብሎኑ በሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ፣ በጣም ቀጭን ስለሆነ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው።

ይህ ችግር የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሳይለኩ ከመግዛት ነው። በበሩ ጠርዝ ላይ ካለው ማሰሪያ ብሎን ተነስተው ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ለየብቻ ይለኩ። ሱቅ ውስጥ በቀላሉ የሚገኙት 60 ሚሊ (30 በ30) እና 70 ሚሊ (35 በ35) ናቸው። በርዎ ወደ ውጭ 30፣ ወደ ውስጥ 40 ከሆነ አጠቃላይ ድምሩ 70 ነው ብለው 35 በ35 ቢገጥሙ 5 ሚሊው ወደ ውጭ ያፈጥጣል። 30 በ40 ብለው ይጠይቁ፤ 30ው ወደ ውጭ ይሁን። በላዩ ላይ ከውስጥ ብቻ የሚታሰር፣ ከውጭ ምንም ብሎን የማይታይበት የብረት ሽፋን ቢጨምሩበት በጣም ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ነገር አዘጋግ ነው። በሩን ገፍቶ መሄድ መዝጋት አይደለም። በስፕሪንግ የሚገባው ተዳፋት ምላስ በጠንካራ ፕላስቲክ ተገፍቶ ይከፈታል። ሁለት ጊዜ አዙረው ይቆልፉ፤ ዋናው ምላስ ወደ መቃኑ ቢያንስ 20 ሚሊ መግባት አለበት። ምላሱ 10 ሚሊ ብቻ የሚወጣ ከሆነ በርና መቃኑን በብረት ለጥጦ ማላቀቅ ቀላል ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚዘነጋው መቃኑ ነው። በር በእርግጫ ሲከፈት ቁልፉ ራሱ ብዙ ጊዜ አይሰበርም፤ የሚበረቀሰው መቃኑ ነው። ምላሱ የሚገባበትን ሳህን የያዙትን ብሎኖች አንዱን ፈተው ርዝመቱን ይዩ። 2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የያዘው እንጨቱን ብቻ ነው ማለት ነው። ከ7 እስከ 8 ሴንቲ በሚደርስ ብሎን ይተኩትና እንጨቱን አልፎ ከነፊሸሩ ግድግዳው ውስጥ ይግባ። እዚህ ላይ አንድ ጣጣ አለ፦ ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ፊሸሩ የሚይዘው አያገኝም። በቁልፉ ትክክል ያለውን የብሎኬት ቀዳዳ በአርማታ ሞልተው፣ ሳይቸኩሉ ሳምንት ያህል አድርቀው ይሰርስሩ። አዲስ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ መቃኑ በየጎኑ ቢያንስ ሦስት ዛንካ፣ ማለትም መቃኑን ከግድግዳው ጋር የሚያስር ብረት፣ ይኑረው፤ ዛንካዎቹም አርማታ ውስጥ ይቀበሩ እንጂ በልስን ብቻ አይሸፈኑ።

ፍተሻው ቀላል ነው። በሩን ቆልፈው በቁልፉ አካባቢ በትከሻዎ ገፋ ያድርጉት። መቃኑ ከተንቀሳቀሰ ወይም ልስኑ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ፣ አዲስ ቁልፍ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ መጀመሪያ መቃኑ ይጠገን።

የግቢዬ በር የላሜራ ነው። ምኑን ልይ?

ማጠፊያውን። ብዙ የግቢ በር ከታች ወደ ላይ ሲነሳ ከማጠፊያው ይወልቃል፤ ሁለት ሰው ካነሳው ቁልፉን መንካት አያስፈልግም። ከላይኛው ማጠፊያ በላይ፣ በሩ ሲዘጋ እንዳይነሳ የሚያግድ ቁራጭ ብረት ያስበይዱ። የአሥር ደቂቃ ብየዳ ነው።

ቀጥሎ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይፈልጉ። ከውስጥ መቀርቀሪያውን ለመሳብ ተብሎ የተበሳው ቀዳዳ፣ በበሩና በመሬቱ መካከል ያለው ክፍተት፣ ከላይ ያለው ጌጥ። ከውጭ ቆመው በራስዎ እጅ ይሞክሩ። መቀርቀሪያው ጋ ከደረሱ ሌላውም ይደርሳል። ከኋላው አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሚሆን ላሜራ ቢያስበይዱ ይበቃል።

በሩ ላይ ከውስጥ የሚያሳይ ቀዳዳ ወይም ትንሽ መስኮት ይኑር። «ከመብራት ነው»፣ «ከውሃ ነው» ላለ ሁሉ አይከፈትም። መታወቂያውን በቀዳዳው ያሳይ፤ የማያሳይ ከሆነ ይመለስ። ይህን ለልጆችና ለቤት ሠራተኛ አስቀድመው ይንገሩ፤ ቀን ላይ በሩን የሚከፍቱት እነሱ ናቸው።

የትኛው ጓጉንቸር ይሻላል?

ቀለበቱ ቢያንስ 10 ሚሊ ውፍረት ያለው፣ የጠነከረ ብረት መሆኑ የተጻፈበት፣ የተቻለውን ያህል ቀለበቱ በአካሉ የተሸፈነ። 6 ወይም 8 ሚሊ የሆነ ተራ ቀለበት ረጅም እጀታ ባለው የብረት መቁረጫ በአንድ ንክሻ ይሄዳል። ግን ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ጓጉንቸሩ ሳይሆን የተንጠለጠለበት ነው። ማሰሪያው ከውጭ በሚታይ ብሎን ከታሰረ ሌባው ጓጉንቸሩን ትቶ ብሎኑን ይፈታል። ብሎኑ በሩን በስቶ ከውስጥ በዳዶ ይታሰር፤ የብረት በር ከሆነ ዙሪያውን ይበየድ።

ደግሞ ከውጭ የተንጠለጠለ ጓጉንቸር «ቤት ውስጥ ሰው የለም» የሚል ማስታወቂያ ነው። ለግቢ በር ከሁለቱም በኩል በቁልፍ የሚሠራ፣ በሩ ውስጥ የተቀበረ ቁልፍ ይመረጣል።

የመስኮት ብረት ውፍረቱና ርቀቱ ስንት ይሁን?

ቋሚዎቹ ከ12 እስከ 14 ሚሊ ሙሉ ብረት ይሁኑ፤ ፌሮ ወይም አራት ማዕዘን። ቀጭን ቱቦላሬ ያምራል እንጂ ውስጡ ባዶ ስለሆነ በእጅ መጋዝ ቶሎ ይቆረጣል። በቋሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ10 እስከ 11 ሴንቲ ሜትር። አግድሙ ብረት ቢያንስ በየ40 እና 50 ሴንቲው ይግባ። ምክንያቱን ብረት ሠሪው ላይነግርዎት ይችላል፦ አግድም የሌለው ረጅም ቋሚ በመኪና ክሪክ ሊለጠጥ ይችላል፤ አግድሙ በቀረበ ቁጥር ብረቱ አይለጠጥም።

ሠሪው ሥራውን ሲያስረክብዎ ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ ብየዳው። መጋጠሚያው ላይ አንዲት ነጠብጣብ ብቻ ከሆነች በመዶሻ ትበጠሳለች፤ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ካልታየ በኋላ ቀለሙ ይደብቀዋል። ስለዚህ ሳይቀባ ይዩት። ሁለተኛ አያያዙ። ብረቱ በአልሙኒየሙ ፍሬም ላይ በብሎን ከታሰረ ከነፍሬሙ ይነቀላል። ጫፎቹ ግድግዳው ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ገብተው በአርማታ ይታሰሩ።

ከመኝታ ቤት መስኮቶች ቢያንስ አንዱ የሚከፈት ብረት ይኑረው፤ ከውስጥ በጓጉንቸር የሚቆለፍ። እሳት ቢነሳና ኮሪደሩ ቢዘጋ መውጫው እሱ ብቻ ነው። ቁልፉ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከመስኮቱ እጅ በማይደርስበትና በጨለማ በሚዳሰስ ቦታ በሚስማር ይንጠልጠል፤ ልጆቹም ይወቁት። ሁሉንም መስኮት ገጥግጦ ቤቱን ወኅኒ ማድረግ ሌባን ፈርቶ ለእሳት መዳረግ ነው። የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ቁጥር 939 ነው።

ብረት የሌለው ተንሸራታች የአልሙኒየም መስኮት ከሆነ ከውጭ ወደ ላይ ተነስቶ ከሐዲዱ እንደሚወጣ ይወቁ። በላይኛው ሐዲድ ውስጥ፣ መስኮቱ ተዘግቶ ሳለ፣ እንዳይነሳ የሚያግዱ ሁለት አጫጭር ብሎኖች ያስገቡ፤ በታችኛው ሐዲድ ላይ ደግሞ ልኩ የተቆረጠ እንጨት ይጋደም።

በጣራ ይገባሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ በተለይ ክረምት ላይ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የሚነቀል ሚስማር ድምፅ አይሰማም። ቆርቆሮውን ገልጦ ኮርኒሱን መርገጥ ደግሞ በር ከመስበር ይቀላል። በመጀመሪያ መወጣጫውን ያንሱ፦ ከግድግዳ ጋር የተጠጋ የሮቶ ማማ፣ የተደረደረ ብሎኬት፣ ወደ ጣራው የዘነበለ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ ውጭ ያደረ መሰላል። መሰላል ቤት ውስጥ ማስገባት ካልተቻለ በሰንሰለት ይታሰር። ለቆርቆሮው ከሚስማር ይልቅ ባለ ጎማ ብሎን ይሻላል። ዕቃ ለሚቀመጥበት ክፍል ከኮርኒሱ በላይ 10 ሚሊ ፌሮ በ15 ሴንቲ ርቀት ወጥሮ ማሰር ይቻላል፤ ለሙሉ ቤቱ ግን ወጪው አያዋጣም።

አጥሩ ላይ ጠርሙስ፣ ምላጭ ሽቦ ወይስ የኤሌክትሪክ?

የጠርሙስ ስባሪ ርካሽ ነው፤ ወፍራም ጆንያ ወይም ፍራሽ ከተጣለበት ግን ዋጋ የለውም። ጥቅልል ምላጭ ሽቦ ይሻላል፤ በደንብ ተወጥሮ በየቦታው ከብረት ጋር ከታሰረ። ላላ ብሎ የተንጠለጠለ ጥቅልል በእንጨት ይገፋል።

የኤሌክትሪክ አጥር ጥሩ ነው፤ ግን በራሱ መሣሪያ ብቻ። መሣሪያው በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል እጅግ አጭር ምት ይሰጣል፤ ቮልቱ በሺዎች ቢሆንም ምቱ ለአፍታ ስለሆነ ያስደነግጣል፣ ያማል፣ ይገፈትራል። 220 ቮልቱን በቀጥታ ሽቦ ላይ ማገናኘት ግን ሰው ይገድላል። የሚሞተው ደግሞ ኳሱን ሊያወጣ የወጣ የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ በወንጀልም ያስጠይቃል። መሣሪያው መብራት ሲጠፋ የሚሠራበት ባትሪ፣ በቂ የመሬት ዘንግና ከመንገድ የሚታይ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይኑረው። ሽቦውን የነካ ቅጠል ኃይሉን ስለሚስበው በየጊዜው መመልመል አለበት።

ካሜራ ካስገጠምኩ ምን ልጠንቀቅ?

አገጣጠሙን። ከጣራ ጫፍ ላይ የተሰቀለ ካሜራ የሰው አናትና ኮፍያ ነው የሚያሳየው። ቢያንስ አንዱ በግቢው በር ትይዩ ከ2.2 እስከ 2.5 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ፊት እንዲያይ ይቀመጥ። 2.8 ሚሊ የሚባለው ሌንስ ሰፊ ቦታ ያሳያል፤ ፊት ለመለየት ግን ሰውየው ጥቂት ሜትር ድረስ መቅረብ አለበት።

መቅጃውን ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ሥር አያስቀምጡት፤ ከቴሌቪዥኑ ጋር አብሮ ይሄዳል። የሚቆለፍ ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም ከኮርኒስ በላይ፣ አየር በሚያገኝበት ይሁን። አራት ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራዎች እያንዳንዳቸው በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢቀዱ በቀን ወደ 86 ጊጋባይት ይሞላሉ፤ ስለዚህ ባለ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ከ11 ቀን በላይ አይዝም። ለሦስት ሳምንት ከአገር የሚወጡ ከሆነ ይህን ያስሉት።

መብራት ሲጠፋስ? ተራ 650 ቪኤ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባለ ባትሪ መሣሪያ፣ መቅጃውንና አራቱን ካሜራ የሚያቆየው ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ለሊቱን ሙሉ ከተፈለገ ትልቅ ባትሪና ኢንቨርተር ያስፈልጋል። ከመሣሪያው ጋር የመጣውን የይለፍ ቃል በዚያው ቀን ይቀይሩ፤ የገጠመው ባለሙያም እንዳይገባበት።

አንድ ትንሽ ነገር፦ መቅጃው የሚያሳየው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሆነውን 02:00 ላይ ይፈልጉ፤ ቀኑም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይቀየራል። ይህን ያልተገነዘበ ሰው የተሳሳተ ቀን ሲያገላብጥ ዲስኩ ሞልቶ ዋናው ቅጂ ይጠፋበታል።

ውሻ ይበቃል?

ይጮሃል፤ ጩኸቱም ከማንኛውም ደወል አያንስም። ግን ግቢ በር ላይ ታስሮ የሚውል ውሻ ከጓሮ የሚገባውን አያገኝም፤ ሌሊት ይፈታ። ከወደቀ ሥጋ መርዝ እንዳይበላ ከራሱ ዕቃ ብቻ እንዲመገብ ከቡችላነቱ ያስለምዱት። የእብድ ውሻ ክትባቱ ሳይቋረጥ ይሰጠው፤ መንገደኛ ቢነክስ ኃላፊው ባለቤቱ ነው።

ዘበኛና የቤት ሠራተኛ ስቀጥር ምን ልያዝ?

የመታወቂያ ቅጂ፣ ፎቶ፣ የዋስ ሙሉ አድራሻና የዋሱን መታወቂያ ቅጂ። በደላላ የመጣ ሰው ቢሆንም ደላላው ዋስ አይደለም። የዋሱን ስልክ እዚያው ፊታቸው ደውለው ያረጋግጡ። ይህን ከመጀመሪያው ቀን በግልጽና በአክብሮት ማድረግ፣ በኋላ ዕቃ በጠፋ ቁጥር በጥርጣሬ ከማየት ይሻላል።

ቁልፍን በተመለከተ ደንቡ አጭር ነው፦ ሠራተኛ ሲለቅ፣ ተከራይ ሲወጣ፣ ቤት ሲገዙ ወይም ሲከራዩ ሲሊንደሩ ይቀየራል። ቁልፍ ቀራጭ ጋ ቅጂ ማውጣት የደቂቃ ጉዳይ ስለሆነ «ቁልፉን መልሳለች» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ሙሉውን ቁልፍ መቀየር አያስፈልግም፤ ማሰሪያ ብሎኑን ፈተው፣ መክፈቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብተው ትንሽ ዞር አድርገው ሲሊንደሩን ብቻ ይሳቡት።

ዘበኛው ደግሞ ፊሽካ፣ ባትሪና ካርድ የተሞላ ስልክ ይኑረው። የቤቱ ቁልፍ እሱ ጋ አይደር።

«አፍዝ አደንግዝ ነፍተውብን ሳንሰማ ወሰዱት» ይባላል። መከላከያው ምንድን ነው?

ከድካም የመጣ እንቅልፍ፣ የዝናብ ድምፅና ያልተቆለፈ የሳሎን በር ሲገጣጠሙ ያለ ምንም መድኃኒት ብዙ ነገር ሳይሰማ ይወሰዳል። በቁልፍ ቀዳዳ ዱቄት ነፍቶ ሙሉ ቤተሰብ ማፍዘዝ አይቻልም። መከላከያው እዚህ ላይ የተጻፈው ነው።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው።

አጥርና ጣራው ላይመለከትዎ ይችላል፤ በሩ ግን ሁሉ ነገርዎ ነው። ከእንጨቱ በር ውጭ ሁለተኛ የብረት በር ያስገጥሙ፤ ሲከፈት ግን ደረጃውን እንዳይዘጋ ከኮሚቴውና ከጎረቤት ጋር ይስማሙ። የምድር ወለል ነዋሪ ለመስኮት ብረት፣ የመጨረሻ ፎቅ ነዋሪ ከጣራ ለሚደረስበት በረንዳ ቅድሚያ ይስጥ። በረንዳ ከፍ ያለ ነው ብለው በሩን ክፍት አይተዉ፤ ከጎረቤት በረንዳ መሻገር ይቻላል።

ለበዓል ወይም ለለቅሶ ሁላችንም ስንወጣ?

ለቅሶና ሠርግ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃቸው ቀኖች ናቸው፤ ድንኳን በተተከለ ሰዓት ቤትዎ ባዶ መሆኑን መገመት አያዳግትም። አንድ የሚታመን ሰው ይቅር፤ ካልሆነ ጎረቤት በየሰዓቱ ቃኘት ያድርግ። በፀሐይ ብርሃን የሚሞላ ባለ ሴንሰር መብራት ከበሩና ከጓሮ በኩል ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ከፍታ ላይ ይስቀሉ፤ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። የጉዞ ፎቶ ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ የሚለጠፈው ከተመለሱ በኋላ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩና ቤታቸውን ዘግተው የሄዱ ወገኖች ደግሞ ከዘመድ ይልቅ አጥር የሚጋራ ጎረቤት ቢኖራቸው ይጠቅማቸዋል፤ ዘመዱ በወር አንዴ ነው የሚመጣው።

ወርቅና ገንዘብ የት ይቀመጥ?

ፍራሽ ሥር፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ልብስ መሐልና ትራስ ውስጥ በመጀመሪያ የሚፈተሹ ቦታዎች ናቸው። ገንዘብ ባንክ ይግባ። ካዝና የሚገዙ ከሆነ ሁለት ሰው የሚሸከመውን ካዝና ሳይቦረቡሩ ይዘውት ስለሚሄዱ፣ በአራት ባለ 12 ሚሊ ብሎን ከወለሉ አርማታ ጋር ይታሰር። የቤት ካርታ፣ ሊብሬና ፓስፖርት ቅጂያቸው ሌላ ቦታ ይኑር። ስልክዎ ላይ *#06# ደውለው የሚወጣውን ቁጥር፣ እንዲሁም የላፕቶፑንና የቴሌቪዥኑን መለያ ቁጥር ፎቶ አንስተው ለራስዎ ይላኩት።

ሌሊት ድምፅ ብሰማ ወጥቼ ልየው?

አይውጡ። የመኝታ ቤቱን በር ይቆልፉ፣ መብራት ያብሩ፣ በመስኮት «ሌባ! ሌባ!» ብለው ይጩሁ፣ 991 ይደውሉ። ሌባው መውጫ መንገድ ይኑረው፤ መውጫ ያጣ ሰው ይዋጋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ግን በሌላ መንገድ ማስቀረት ላልተቻለ ጥቃትና ከአደጋው ጋር ለተመጣጠነ መከላከል ነው። የተያዘን ወይም የሚሸሽን ሌባ መደብደብ በዚህ አይሸፈንም።

ተሰርቄያለሁ። አሁንስ?

ምንም ሳይነኩና ሳያጸዱ የተሰበረውን በር፣ የተከፈተውን መሳቢያ፣ የዱካውን ምልክት ፎቶ ያንሱ። በአቅራቢያዎ ላለው ፖሊስ ጣቢያ ያመልክቱ፤ የዕቃዎቹን ዝርዝር ከመለያ ቁጥራቸው ጋር በጽሑፍ ይስጡ፤ የማመልከቻውን ቁጥር ይያዙ። የካሜራ ቅጂውን በዚያው ቀን በፍላሽ ያውጡ። ቁልፍ ከጠፋ ሲሊንደሩ ሳይመሽ ይቀየር። የቤት ዕቃ የስርቆት መድን ካለዎት ውሉን ያንብቡ፤ እንዲህ ያለው መድን በተለምዶ ተሰብሮ የተገባበት ምልክት ይጠይቃል፤ በሩ ሳይቆለፍ የወጣ ዕቃ ላይካስ ይችላል።

በር ላይ ያደረ መኪና ስፖኪዮ እንዳይወሰድስ?

መስታወቱ ላይ የታርጋ ቁጥሩን ያስቀርጹ፤ ሁለቱም ስፖኪዮ፣ የፊትና የኋላ መብራቱም ላይ። የተቀረጸበትን መልሶ መሸጥ ይከብዳል። ግቢ የሚገባ ከሆነ አፍንጫው ወደ ግድግዳ ይቁም፤ ባትሪው ያለበት የሞተር ክዳን እንዳይከፈት። ከተወሰደብዎ ደግሞ የራስዎን ስፖኪዮ ተመልሶ በርካሽ ሲሸጥ ቢያገኙት አይግዙት፤ ቦታውን ለፖሊስ ያመልክቱ። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የሚገዛ ሰው በሕግ ይጠየቃል።